ሐምራዊ ሣር

በ1999 የወጣውን ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 በዊንዶውስ 7 ላይ ከፍቶ የደነገጠ ሰው ብዙ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። ሣሩ ላይ ሐምራዊና ሮዝ ይረጭበታል፤ ውሃው ይቀላል፤ የገበሬዎቹ ፊት የሕመምተኛ ፊት ይመስላል። ጌሙ ግን አይቆምም። በጉ ይታረዳል፣ እንጨቱ ይቆረጣል፣ ድምፁም ደህና ነው። ያበደው ቀለሙ ብቻ ነው። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሲዲው ነው፣ ቀጥሎ ግራፊክስ ካርዱ። ሁለቱም ጤነኞች ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን የጌም ሥዕል ውስጥ ቀለም የለም፤ ያለው ቁጥር ነው። እያንዳንዷ ነጥብ ከ0 እስከ 255 ካሉት ቁጥሮች አንዱን ትይዛለች። "ይህ ቁጥር አረንጓዴ ነው፣ ያኛው የደረቀ ጭቃ ነው" የሚለው ስምምነት የተጻፈው ሌላ ቦታ፣ 256 መደብ ባለው የቀለም ሠንጠረዥ ላይ ነው። ሜሞሪ ውድ በነበረበት ጊዜ ይህ ብልህ አሠራር ነበር፤ ለአንዲት ነጥብ ሦስት ባይት ከማውጣት አንድ ይበቃል። ጣጣው ሠንጠረዡ ለመላው ስክሪን አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ዊንዶውስ ለራሱ መስኮቶች 20 መደብ ይይዝ ነበር፤ ጌም ሲከፈት ስክሪኑን ከነሠንጠረዡ ይረከባል፣ ሲዘጋ ይመልሳል። ጎረቤታሞች ምጣድ እንደሚዋዋሱት ማለት ነው። ከዚያ ስክሪኖች በሚሊዮን የሚቆጠር ቀለም ማሳየት ጀመሩ፤ ሠንጠረዡንም የሚያስታውሰው ጠፋ። በቪስታና በ7 ላይ ዴስክቶፑንና ታስክባሩን የሚያሳየው ኤክስፕሎረር የተባለው ፕሮግራም፣ ጌሙ እየሠራ ሳለ በሠንጠረዡ ላይ የራሱን ቀለሞች ይጽፍበታል። የሣሩ ቁጥር አልተነካም። የተለወጠው ቁጥሩ የሚነበብበት ውል ነው።

ሰዎች ያገኙለት መድኃኒት የባህል ሕክምና ይመስላል። አንዱ፣ ጌሙን ከመክፈት በፊት የስክሪን መጠን መቀየሪያውን መስኮት ከፍቶ ምንም ሳይነኩ እንዲሁ መተው ነው። ይሠራል። ሌላው ኤክስፕሎረርን መግደል ነው፦ ታስክባሩ ይጠፋል፣ አይከኖቹ ይጠፋሉ፣ ከታስክ ማናጀር ጌሙን ትጠሩታላችሁ፣ ሣሩ ይለመልማል።

ወንድሜ ዱባይ ሆቴል ውስጥ ይሠራል፤ እኔ ጀርመን የንጽጽር ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ። አዲስ አበባ በአንድ ኪቦርድ እየተጣላን ያደግንበትን ይህንኑ ጌም ዛሬም በእሱ የዕረፍት ቀን እንጫወታለን። የኤክስፒ ድጋፍ በተቋረጠበት በ2014 ላፕቶፑን ወደ 7 ያሸጋገረ ዕለት ደውሎ፣ "እህቴ፣ ባሕሩ ደም ሆኗል፤ ሙሴን ጥሪልኝ" አለኝ። ኤክስፕሎረርን እንዲገድል ነገርኩት። ሲስተም በተቀየረ ቁጥር ግን እንዲህ እየገደሉ መኖር አያዋጣም።

ዛሬ የምንጠቀመው ሌላ ነው። ጌሙ ያለበት ፎልደር ውስጥ አንዲት ትንሽ ፋይል ትቀመጣለች፤ ስሟ ሲስተሙ ራሱ ለሥዕል የሚጠቀምበት የአሮጌው ላይብረሪ ስም ነው። ጌሙ ያንን ላይብረሪ ሲፈልግ አስቀድሞ የሚያየው አጠገቡ ያለውን ስለሆነ ወደ እሷ ይሄዳል። እሷም ሠንጠረዡን ማንም በማይደርስበት በራሷ ጓዳ ትይዛለች፤ እያንዳንዱን ቁጥር ወደ ዛሬው ቀለም እየተረጎመች ለግራፊክስ ካርዱ ታቀብላለች። ሲኤንሲ ዲድሮው የሚባለው የዚህ ዓይነት ነው። የስክሪኑን ምጥጥን የሚጠብቀውን ማስተካከያ ማብራት እንዳትረሱ፤ አለዚያ ለድሮው ጠባብ ስክሪን የተሣለው ሁሉ ይለጠጥና ፈረሶቹ ጉማሬ ይሆናሉ። በዚህ ሁሉ መሃል የጌሙ ፋይሎች እንደተጻፉ ናቸው። እኔን የሚማርከኝ ይኸው ነው።

አዲሱን እትም ለምን አትጫወቱም የሚለን አይጠፋም። በ2013 የታደሰው ወጣ፤ በ2015 በተጨመረለት የአፍሪካ ክፍል ኢትዮጵያውያን ከነሾተላቸው ገቡ፣ ዮዲትም የራሷ ዘመቻ አገኘች፣ ሠራተኞቹም በአማርኛ ይመልሳሉ። በ1999ኙ 13 ሕዝቦች ውስጥ እኛ አልነበርንም፤ ወንድሜ ሁልጊዜ ፋርስ ነበር፣ እኔ ቢዛንታይን። አዲሱንም ገዝቻለሁ፤ አማርኛውን የሰማሁ ጊዜ ብቻዬን ስቄአለሁ። ሆኖም እሱ ሌላ እትም ነው፣ የመጀመሪያውን አይተካም።

የ1998ቱን ስታርክራፍት ተመልከቱ። እዚያ ውሃው የሚንቀሳቀሰው ሥዕሉ ስለሚለወጥ አይደለም፤ የውሃው ቀለሞች በሠንጠረዡ ላይ ቦታ ስለሚቀያየሩ ነው። አንድ ቅን ሰው "ላድነው" ብሎ ቁጥሮቹን ወደ ቋሚ ቀለም ቢለውጣቸው ቀለሙ ልክ ይመጣል፣ ውሃው ግን ይቆማል። ያ ሰው እንቅስቃሴው የት እንደተጻፈ አላወቀም።

ይህ ሰው የሚያስፈራኝ በጌም ብቻ አይደለም። የእኛ ጌም የተቀመጠበት ሀርድ ዲስክ ከአዲስ አበባው ቤታችን ኮምፒውተር የወጣ ነው፤ ከጌሙ ፎልደር ቀጥሎ የአባቴ ፎልደር አለ። ደብረ ማርቆስ ያስተማሩበትን ዘመን ትዝታ በአንድ የድሮ የአማርኛ ፎንት ለዓመታት ጽፈውበታል። ዛሬ ሲከፈት ከዳር እስከ ዳር የላቲን ፊደል ገለባ ነው።

ምክንያቱ ከሐምራዊው ሣር ጋር አንድ ነው። ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል የተቀበለው በ1999፣ ልክ ጌሙ በወጣበት ዓመት ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ የአማርኛ ሶፍትዌሮች የላቲኑን ቦታ እየተዋሱ የየራሳቸውን ሠንጠረዥ ይሠሩ ነበር። እዚህም የምታስቸግረው ያችው 256 ናት፦ ፊደላችን ከነዲቃሎቹ፣ ከነአኃዙና ከነሥርዓተ ነጥቡ ከ300 በላይ ነው። በአንድ ፎንት አልገባ ሲል አንዳንዱ ለሁለት ፎንት አካፈለው፣ አንዳንዱ ፊደሉን ከግንድና ከቅጥያ ገጣጠመው። ፋይሉ የያዘው ቁጥር ነው፤ ፎንቱ ከሌለ ውሉ የለም።

ዘመዶቻችን "መቀየሪያ ፕሮግራም አለ፤ ቀይሪውና አሮጌውን አጥፊው" ይሉኛል። መቀየሩ መልካም ነው። ማጥፋቱን ግን አልሰማቸውም። ለሙከራ የቀየርኩት ምዕራፍ ላይ "ፕሮግራም" የሚለው ቃል በሙሉ "ኘሮግራም" ሆኖ ወጣ። መቀየሪያው አልተሳሳተም። ሁለቱ ፊደላት በወረቀት ላይ መንታ ስለሚመስሉ ያኔ ብዙ ሰው የ"ኘ"ን ቁልፍ ለ"ፕ" ይጠቀም ነበር፤ የዚያ ዘመን ጽሑፍ በ"ኘሬዝዳንት" የተሞላ ነው። ዓይን ያልፈዋል፤ ኮምፒውተር ግን "ፕሮግራም" ብላችሁ ስትፈልጉ የለም ይላችኋል። ታዲያ ይታረም? ለአንባቢ አዎ። ነገር ግን የእሳቸው ጣት የነካው "ኘ" ነው፤ ዕድሜያቸውንና መሣሪያቸውን የሚናገር ምልክት ነውና እሱም አንድ ቦታ መቆየት አለበት።

ስለዚህ ሦስት ፎልደር አደረግሁት፦ አሮጌው ፋይል ከነፎንቱ፣ እንዳለ የተቀየረው፣ ለንባብ የታረመው። ይህን ሁሉ በስልክ ሳስረዳቸው አባባ ዝም ብለው ሰሙኝና፣ "ፊደሉን እንደወደድሽ አድርጊው፣ ልጄ" አሉኝ። "ይልቅ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ያንን ክረምት የሞላብንን ወንዝ ሙጋ ብዬ ጽፌው ይሆናል። ጨሞጋ ነው። እስቲ እዪልኝ።"

አየሁት፤ ሙጋ ይላል። አራተኛ ፎልደር ከፈትኩ።