ወሰን የማያግዳት የቆላ ነዋሪ

ከገዳሪፍ ከተማ ተነሥቶ ወደ ገላባትና ወደ መተማ የሚወርድ መንገደኛ፣ 150 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆነው ጕዞው አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው የጥቁር አፈር ሜዳ ነው። በክረምት ማሽላውና ሰሊጡ ዓይን እስከሚደርስበት ይዘረጋል። ይህ አገር በትራክተር መታረስ የጀመረው፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፣ በ1940ዎቹ ዓመታት ነው። ወደ ወሰኑ ሲቃረቡ ግን ግራሩ ይበረክታል፤ አልፎ አልፎም ሱዳኖች ተበልዲ የሚሉት ግንደ ወፍራም ባኦባብ ይታያል።

በምሥራቅ ሱዳንና በኢትዮጵያ ቆላዎች፣ እንዲህ ባለው ዛፍ ባዶ ግንድ ውስጥ አንዲት ባለረጅም ጆሮ የሌሊት ወፍ ቀኑን ታሳልፋለች። ጀርመናዊው ሊቅ ዊልሄልም ፔተርስ በ1872 ለሳይንስ አስተዋውቋታል። የሊቃውንት ስሟ ካርዲዮደርማ ኮር ሲሆን፣ «ኮር» በላቲን ልብ ማለት ነው፤ ይኸውም በአፍንጫዋ ላይ ያለው ቅጠል መሰል ሥጋ የልብ ቅርጽ ስላለው ነው። ክብደቷ ከ21 እስከ 35 ግራም ነው፤ ጆሮዋ ግን የሰውነቷን ግማሽ ያህል ይረዝማል። አገሯ ከምሥራቅ ሱዳንና ከኤርትራ ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ በኩል እስከ ታንዛኒያ ይደርሳል።

ሲመሽ ከዝቅተኛ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥላ ታዳምጣለች። ጥንዚዛ ወይም ጊንጥ በደረቅ ቅጠል ላይ ሲሄድ ኮሽታውን ሰምታ ትወርድበታለች። ወንዱም የአደን ሥፍራውን ለማስከበር ሌሊት ያዜማል።

ነገር ግን እርሻ ሲሰፋ ዛፍ ይመነጠራል። ያረጀው ባዶ ግንድ ለመንጣሪው ከንቱ ቢመስለውም፣ ለእነዚህ ፍጥረታት ቤታቸው ነው፤ በአንድ ቀን የተቈረጠውንም ለመተካት የሰው ዕድሜ አይበቃም። በሱዳን በ1935 የተከለለው የዲንደር ፓርክና በኢትዮጵያ በኩል በ2006 የተቋቋመው የአላጥሽ ፓርክ ጎን ለጎን መሆናቸው መልካም ነው። ሆኖም ከፓርኩ ውጭ ያለው ዛፍ ጠባቂው ገበሬውና የአገሩ ሹም ናቸው። ስለዚህ መሬት ሲከፋፈል አሮጌዎቹን ግንዶች ለይቶ መተው ይገባል።

በተረታችን የሌሊት ወፍ የወፎችን ግብር ስትጠየቅ ጥርሷን አሳይታ «አይጥ ነኝ»፣ የአይጦችን ግብር ስትጠየቅ ክንፏን ዘርግታ «ወፍ ነኝ» ብላ አመለጠች ይባላል። የገዳሪፍና የመተማ ገበሬ ግን እንዲህ ብሎ ሊወቅሳት አይችልም፤ በየሌሊቱ ጥንዚዛውን እየለቀመች ግብሯን ትከፍላለችና።