የጡረተኛው ውሻ ገበታ በካርቱም

ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞና በአይከል በኩል ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 ዓ.ም. የወደቁባትን መተማን ከተሻገረ በኋላ የደጋው ተራራና ነፋስ ከኋላው ይቀራሉ። ከፊቱ የሚዘረጋው የማሽላና የሰሊጥ ሜዳ ነው። ገዳሪፍን አልፎ ዋድ መዳኒ ሲቃረብ ግን፣ ከጣና የወጣውን የአገሩን ወንዝ በሐንቱብ ድልድይ ላይ ዳግመኛ ያገኘዋል። እኔም በ2009 ዓ.ም. በግንቦት ወር ይህንኑ መንገድ ይዤ ወደ ካርቱም የሄድሁት፣ በዚያ ብዙ ዘመን የኖሩትን አጎቴን ለመጠየቅ ነበር።

ካርቱም ለወታደር እንግዳ ከተማ አይደለችም፤ አመሠራረቷ ራሱ የጦር ሰፈር ነውና። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1821 ገደማ የግብፅ ጦር በሁለቱ ወንዞች መካከል ሰፈረ፤ ከሰፈሩም ከተማ ወጣ። የእኛ ዓባይና ነጭ ዓባይ አል ሞግራን በሚባለው ስፍራ ይገናኛሉ፤ ከዚያም ወዲያ እንደ አንድ ሆነው ወደ ግብፅ ያቀናሉ። በግንቦት ወር ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚሆን ሰው ሁሉ ከቀትር በፊት ጉዳዩን ፈጽሞ ጥላ ይፈልጋል። በየመንገዱ ዳር አላፊ አግዳሚው እንዲጠጣ በጥላ ሥር የተቀመጠውን፣ ዚር የሚሉትን የሸክላ ጋን ባየሁ ቁጥር፣ የዚህን ሕዝብ ደግነት አደንቅ ነበር።

አጎቴ የሚኖሩት ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚገኙበት በዴም ሰፈር ነበር። የአንድ መጋዘን የሌሊት ዘበኛ ሆነው ሲሠሩ፣ ጃክ የሚባል ትልቅ የጥበቃ ውሻ ስምንት ዓመት ሙሉ አብሯቸው ነቅቷል። ውሻው ዐሥር ዓመት ሞልቶት የኋላ እግሮቹ ሲደክሙ፣ ባለቤቶቹ ሊያስወግዱት አሰቡ። አጎቴም «አብሮኝ ሌሊቱን የነቃ ጓደኛዬን ጎዳና ላይ አልጥልም» ብለው ወደ ቤታቸው ወሰዱት። ይህን ታሪክ በደብዳቤ አንብቤ ስለ ነበር፣ ከዘመዶቼ ቀጥሎ ለማየት የጓጓሁት ጃክን ነበር።

ያየሁት ግን ያሰብሁትን አልነበረም። ጃክ ከአልጋው ሥር ተዘርግቶ፣ ወገቡ ከትከሻው ሰፍቶ፣ ለመነሣት ሦስት ጊዜ ሞክሮ የሚያቅተው ሆኖ አገኘሁት። ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ መመርመር አላስፈለገኝም። በሰፈሩ ካሉት የአበሻ ምግብ ቤቶች ትራፊ በባልዲ ይመጣለታል፤ የጎረቤት ሱዳናውያንም የተረፋቸውን ኪስራና ወጥ ይልኩለታል። የአጎቴ ባለቤት እትዬ ደግሞ ባልዲውን ሲገለብጡለት «ዕድሜ ልኩን በደረቅ እንጀራ ጠበቀ፤ አሁንስ ጠግቦ ይብላ እንጂ!» ይላሉ። ንግግራቸው ከርኅራኄ የመነጨ ስለ ነበር ማንም ሊቃወማቸው አልደፈረም።

በደረስሁ በአራተኛው ሌሊት ጃክ አስመለሰው፤ ዓይነ ምድሩም እንደ ቅጥራን ጠቆረ፤ ድዱ ነጣ። አጎቴ ለጉልበታቸው ቁርጥማት የሚወስዱትን ዲክሎፌናክ፣ «እኔን የሚያሽረኝ እሱንም ያሽረዋል» በማለት በሥጋ ጠቅልለው ለሦስት ቀን ሰጥተውት ኖሯል። ሌሊቱን ሁላችንም አልተኛንም። እትዬ በእርጥብ ጨርቅ ሆዱን እያበረዱ፣ አጎቴም ጭንቅላቱን በጭናቸው ላይ አድርገው አነጉ።

ሲነጋ ከወንዙ ማዶ አንድ የእንስሳት ሐኪም አስመጣን። በሰሜን ካርቱም ሻምባት የሚባል ሰፈር አለ፤ በ1938 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የካርቱም የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት በኋላ የዩኒቨርሲቲው ፋኩልቲ ሆኖ ያስተማረው በዚያ ነው። ሐኪሙ ውሻውን መርምሮ፣ መርፌ ወግቶ፣ መድኃኒት ካዘዘ በኋላ በሚዛን አስቀመጠው፤ 41 ኪሎ ሆነ። ከዚያም ወደ አጎቴ ዞሮ «ያ ዐም፣ ይህን ውሻ ሊገድለው የነበረው ጥላቻ አይደለም፤ ፍቅር ነው» አላቸው። አጎቴ አንገታቸውን ደፉ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከኅሊናዬ አልጠፋም፤ ጽሑፌንም ያጻፈኝ እሱ ነው።

ሐኪሙ የነገረን ነገር ባጭሩ የሚከተለው ነው። ውሻ በሥራ ላይ ሳለ የሚበላውን በሩጫና በንቃት ያቃጥለዋል። ጡረታ ሲወጣ ሥራው ይቆማል፤ የሰጪው እጅ ግን አይቆምም። ትርፉም ስብ ይሆንና በታመመው መገጣጠሚያ ላይ ሸክም ሆኖ ይቀመጣል። ስለዚህ ለአረጀ ውሻ እግር የመጀመሪያው መድኃኒት ክብደት መቀነስ ነው። በአሜሪካ 48 የላብራዶር ውሾች ከቡችላነታቸው ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ተጠንተው፣ ውጤቱ በ2002 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከጥንዶቻቸው አንድ አራተኛ ያህል ያነሰ ምግብ የተሰጣቸው ውሾች አማካይ ዕድሜ 13 ዓመት ሲሆን፣ የሌሎቹ 11.2 ዓመት ነበር። የመገጣጠሚያ ሕመምም በእነዚያ ላይ ዘግይቶ ታይቷል።

ሁለተኛው ጉዳይ ትራፊው ራሱ ነበር። የእኛም ሆነ የሱዳኖች ወጥ የሚጀምረው በሽንኩርት ቁሌት ነው። ሽንኩርት ደግሞ፣ ጥሬም ይሁን የበሰለ ወይም ደርቆ የተፈጨ፣ የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳል። ከክብደቱ ግማሽ በመቶ ያህሉን ከበላ፣ ይኸውም ለ30 ኪሎ ውሻ 150 ግራም ማለት ነው፣ አደጋ ላይ ይወድቃል፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ቢሰጠውም ጉዳቱ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ ነው። የጃክ ድድ የነጣው ሆዱ ስለ ደማ ብቻ ሳይሆን፣ ወራት በበላው ወጥ ምክንያት ጭምር ሊሆን እንደሚችል ሐኪሙ አስረዳን። እትዬ ይህን ሲሰሙ ባልዲውን አንሥተው ከግቢ አወጡት።

በማግሥቱ አዲሱ ገበታ ተጀመረ። ጃክ ሊመዝን የሚገባው 32 ኪሎ ስለሆነ፣ በቀን የተፈቀደለት 940 ኪሎ ካሎሪ ያህል ነበር፤ ይህም ለሁለት ተከፍሎ ጧትና ማታ ይሰጠዋል። እትዬ ባዶ የቲማቲም ጣሳ አጥበው መስፈሪያ አደረጉት። አጎቴም ዘወትር ዐርብ የነጭ ዓባይን ድልድይ ተሻግረው፣ በኦምዱርማን ወንዝ ዳር ከሚገኘው የሞረዳ ዓሣ ገበያ አምባዛ ይገዙ ጀመር። ዓሣው ይቀቀላል፤ አጥንቱ አንድ በአንድ ይለቀማል፤ ከጥቂት የማሽላ ገንፎ፣ ከተቀቀለ ዱባና ከእንቁላል ጋር ይደባለቃል። የበሰለ አጥንት ተሰነጣጥቆ አንጀት ስለሚወጋ ጨርሶ ተከለከለ። ያረጀ ውሻ ሥጋ አይስማማውም የሚባለውም ስሕተት ነው፤ ኩላሊቱ ካልታመመ በቀር ጡንቻው እንዳይሟሽሽ በቂ ሥጋ፣ ዓሣ ወይም እንቁላል ያስፈልገዋል።

አጎቴ በዚህ አልረኩም፤ ለመገጣጠሚያ ይረዳል የተባለ ውድ ክኒን ለመግዛት ገንዘብ ቆጥረው ነበር። ሐኪሙም ግሉኮሳሚንና ኮንድሮይቲን በሚባሉት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ውጤት የተለያየ መሆኑን ገልጾ፣ ከተጨማሪ ምግቦች ሁሉ የተሻለ ማስረጃ ያለው የባሕር ዓሣ ዘይት፣ ማለትም ኦሜጋ 3 ነው አላቸው። የወንዝ ዓሣ በዚህ ዘይት ከባሕር ዓሣ ስለሚያንስ፣ በውኃ የታሸገ ሰርዲን አልፎ አልፎ እንዲጨመርለት አዘዘ። ሥጋ ብቻ የሚበላ ውሻ ካልሲየም እንደሚጎድለውም ነግሮን፣ የእንቁላል ቅርፊት ታጥቦ፣ ደርቆና ልሞ በልክ እንዲነሰነስለት አደረገ። ነገር ግን የጉበት ዘይትንና ብዙ ጉበትን ከለከለ፤ በውስጡ ያለው ቫይታሚን ኤ ሲበዛ አጥንትን ይጎዳልና። ለሕመሙም ለውሻ ተብሎ የተሠራ መድኃኒት እንጂ ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይም ፓራሲታሞል ዳግመኛ እንዳይቀምስ አስጠነቀቀ።

የቀረው ውኃና እርምጃ ነበር። ከበሩ ጥግ ለጃክ ብቻ የሚሆን የሸክላ ገንቦ በጥላ ሥር ተቀመጠ። ጎሕ ሲቀድና ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ መጀመሪያ ዐሥር ደቂቃ፣ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል ቀስ ብሎ መራመድ ሥራው ሆነ። እኔ ወደ አገሬ ስመለስ ገና ብዙ አልተለወጠም ነበር። በስድስተኛው ወር ግን «33 ኪሎ ገባ፤ ያለ እርዳታ ይነሣል፤ ትናንት ሌሊት ሌባ መስሎት በድመት ላይ ጮኸ» የሚል መልእክት ደረሰኝ።

በጦር ሰፈር የምትኖሩ እኅቶች ሆይ፤ ይህ ነገር የእናንተንም ልጆች ይነካል። በበዓል ቀን በሬ ወይም በግ ሲታረድ፣ ሳንባውንና ጉበቱን ጥሬውን ለሰፈር ውሻ መወርወር የቆየ ልማዳችን ነው። በሱዳን ግመል ላይ በብዛት የሚገኝ፣ በእኛም ከብትና በግ ላይ የሚታይ፣ በሳንባና በጉበት ውስጥ ውኃ የቋጠረ ከረጢት የሚፈጥር አንድ ትል አለ። ውሻ ያንን ጥሬ ሲበላ ትሉ በአንጀቱ ውስጥ ይራባል። እንቁላሉም ከዓይነ ምድሩ ወደ ፀጉሩና ወደ አፈሩ፣ ከዚያም ውሻውን ዳብሶ እጁን ወደ አፉ ወደሚወስደው ሕፃን ይተላለፋል። ከዓመታት በኋላ በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ከረጢቱ ያድጋል። መከላከያው ቀላል ነው። ከረጢት የታየበትን ሥጋ ማቃጠል ወይም አርቆ መቅበር፤ ጤነኛ የሚመስለውንም ግማሽ ሰዓት ያህል አብስሎ መስጠት፤ የእጅን ንጽሕና መጠበቅ፤ ውሻውንም በሐኪም ትእዛዝ የትል መድኃኒት ማስዋጥና የእብድ ውሻ በሽታን ክትባት ማስከተብ ነው።

ጃክ በ2012 ዓ.ም. ክረምት፣ በዐሥራ ሦስት ዓመቱ፣ ከገንቦው አጠገብ ተኝቶ ሞተ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ፣ አጎቴና እትዬም ከብዙ ሺህ ሰዎች ጋር በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ። ጎንደር ላይ ተቀብያቸው ጓዛቸውን ስንፈታ፣ ከጥቂት ልብስና ሰነድ መካከል ያ ዝገት የጀመረው የቲማቲም ጣሳ ወጣ። እትዬ ዛሬም በግቢያቸው ለሚጠብቅ ሌላ ውሻ የሚሰፍሩት በዚሁ ጣሳ ነው።

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይላሉ አባቶቻችን። ጉልበቱ ሲደክምና መጮኹን ሲተው ደግሞ ብድሩን መመለስ የእኛ ተራ ይሆናል። በጓዳችሁ ወይም በጥበቃ ጣቢያችሁ ዘመኑን የጨረሰ ውሻ ካለ፣ ዛሬ ማታ እጃችሁን በጎድኑ ላይ አሳርፉ። የጎድን አጥንቱ በስሱ ከተዳሰሰ ደግ ነው፤ ካልተገኘ ግን ከሳሕኑ ቀንሱለት። ለጡረተኛ ውሻ የሚበጀው ውለታ ባልዲ ሙሉ ትራፊ ሳይሆን በልክ የተሰፈረ ጣሳ መሆኑን እኛ የተማርነው በአንድ ክፉ ሌሊት ነው፤ እናንተ ግን ያለዚያ ሌሊት ተማሩት።