ከአዳማ እስከ ጢቾ፤ ስለ ኳስ ተጫዋች እንጀራ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ አርሲ የሚሄድ መንገደኛ አስቀድሞ አዳማ ይደርሳል። ከዚያ ቆላውን ትቶ ወደ ደጋው ሲወጣ አየሩ ይለወጣል፤ ኢተያን አልፎ አሰላ ሲገባም በአዳማ ያወለቀውን ካፖርት መልሶ ይደርባል። አሰላ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ጢቾ ደግሞ ከተራሮቹ ማዶ በስተ ምሥራቅ ትገኛለች። ቀድሞ የአርሲ ጠቅላይ ግዛት በጭላሎ፣ በአርባ ጉጉና በጢቾ አውራጃዎች ተከፍሎ በነበረበት ዘመን ስሟ የአንዱ አውራጃ መጠሪያ ነበር። አገሩ የገብስና የስንዴ አገር ነው፤ የፈረሱም ነገር የታወቀ ነው።

የአርሲ ደጋ ስሙ በዓለም የተጠራው በሯጮቹ መሆኑን አንባቢ ሁሉ ያውቃል። የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና፣ የአሰላው ኃይሌ ገብረ ሥላሴም በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ፣ ዳግመኛም በ1993 ዓ.ም. መስከረም በሲድኒ፣ በ10,000 ሜትር ሩጫ ወርቅ አግኝተዋል። ስለዚህ ወደ ጢቾ ስሄድ ልጆች ሲሮጡ አያለሁ ብዬ ነበር። በእርግጥም ሲሮጡ አገኘኋቸው፤ ነገር ግን የሚሮጡት የጨርቅ ኳስ ተከትለው ነበር። ግቡ ሁለት ድንጋይ ነው፤ ሜዳውም ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ስለ ሆነ ኳሱ እየተንከባለለ ገብሱ ውስጥ ይገባል። ከመካከላቸው ዕድሜው 13 ዓመት ያህል የሚሆን አንድ ግራኝ ልጅ ከዳር ዳር እየበረረ ሁሉንም ያልፋቸዋል።

ይህን ዓይነቱን ተጫዋች ክንፍ ይሉታል። ክንፍ በመሥመሩ አጠገብ እየሮጠ ባለጋራውን ካለፈ በኋላ ኳሱን ወደ መካከል የሚያሻግር ነው። ለዚህ ሥራ ፈጣን እግር ያስፈልጋል፤ ከእግሩም ይልቅ ትዕግሥት፣ ምክንያቱም ጓደኞቹ ኳሱን ካልሰጡት ቀኑን ሙሉ ዳር ቆሞ ይውላል። በግራ እግሩ የሚመታ ሰው ጥቂት ስለ ሆነም ግራኝ ልጅ በየአገሩ ይፈለጋል።

ያደርሁበት ቤት ጌታ የልጁ አያት ነበሩ። ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ሳለ እንዲህ አሉኝ። «ይህ ልጅ አዳማ ሄጄ ኳስ ልማር ይለኛል። ለስንቁና ለቤት ኪራዩ ያለችኝን አንዲት ባዝራ መሸጥ ሊኖርብኝ ነው። አንተ የከተማ ሰው ነህና ንገረኝ፤ ይህ ነገር እንጀራ ይሆናል?»

እኔም የዚያችው የአዳማ ልጅ የሆነውን የፍቅሩ ተፈራን ነገር አጫወትኋቸው። ፍቅሩ ክንፍ ሳይሆን አጥቂ ነበር፤ ቢሆንም በኳስ አገር ላገር እየዞሩ ማደር ምን እንደ ሆነ ከእርሱ ይበልጥ የሚያሳይ ኢትዮጵያዊ አላውቅም። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ተነሥቶ በደቡብ አፍሪካ ለኦርላንዶ ፓይሬትስና ለሱፐርስፖርት ዩናይትድ ተጫወተ። በቼክ አገር ለምላዳ ቦሌስላቭ፣ በቪየትናም ለታን ሆዋ፣ በፊንላንድም ለኩፕስ ተሰልፏል። በአንዱ አገር በረዶ፣ በሌላው ወበቅ፤ በየደረሰበት ሁሉ አዲስ አሠልጣኝና አዲስ ውል።

በ2007 ዓ.ም. ህንዶች ሱፐር ሊግ የተባለ አዲስ ውድድር ሲያቆሙ የካልካታው አትሌቲኮ ቀጠረው። ጥቅምት 2 ቀን በካልካታ ከሙምባይ ቡድን ጋር በተደረገው መክፈቻ የዚያን ውድድር የመጀመሪያ ግብ ያገባው ይኸው የአዳማ ልጅ ነው፤ ከደስታውም የተነሣ በአየር ላይ ተገለበጠ። ካልካታም 3 ለ 0 አሸነፈ። ታኅሣሥ 11 ቀን ቡድኑ ኬራላን 1 ለ 0 ረትቶ ዋንጫውን ሲያነሣ ግን ፍቅሩ በሜዳው ላይ አልነበረም። ከመጀመሪያው ግብ እስከ ዋንጫው ያለው ዘመን 69 ቀን ብቻ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ፍቅሩ ለሌላ የህንድ ቡድን፣ ለቼናይን ተጫወተ።

ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። «ፈረስ ሲሸጥ ጥርሱ ይታያል» አሉ። «የእናንተ ኳስ ተጫዋች ምኑ ይታያል?»

«ዕድሜው ነው፣ አባባ። 30 ዓመት ካለፈው ዋጋው ይወርዳል።»

«ዋጋውስ ለማን ነው?»

«ውሉ ሳያልቅ ወደ ሌላ ክለብ ቢሄድ ለሻጩ ክለብ ነው። ውሉ ካለቀ ግን ራሱ ተዋውሎ ይሄዳል።»

«እንግዲያስ ከፈረስ ይሻላል» ብለው ሳቁ።

እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ሯጩን አስቤ ነበርና። ሯጭ የገባበትን ሰዓት ማንም ሊክደው አይችልም፤ በአሰላ ቢሮጥ በበርሊንም ቢሮጥ ልኩ በራሱ እግር ነው። የኳስ ተጫዋች ልክ ግን በአሠልጣኙ ዓይን ነው። ደግሞም በብዙ አገር የውጭ ተጫዋች ቍጥር የተወሰነ ስለ ሆነ፣ ቡድኑ ሲሸነፍ አስቀድሞ የሚሰናበተው እንግዳው ነው። ይህንም ሳልሸሽግ ነገርኋቸው። ልጁ ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ ይሰማ ነበር፤ ስለ ካልካታው ግብ ስናገር ዓይኑ በርቶ ነበር፤ ስለ ስንብቱ ስናገርም ያው በርቶ ነበር።

በማግሥቱ ጧት ልሄድ ስል ሽማግሌው ባዝራይቱን ውኃ ሲያጠጡ አገኘኋቸው፤ ውርንጭላዋ ከጎኗ ቆማለች።

«ልጁ ስምንተኛ ክፍልን ይጨርስ» አሉኝ። «ያን ጊዜ ይቺን ውርንጭላ እሸጥለታለሁ፤ እናቲቱን ግን አልነካም።»

ልጁ ከቤቱ በስተ ኋላ ኳሱን በግራ እግሩ ከግንቡ ጋር ያጋጭ ነበርና ይህን የሰማ አይመስለኝም።