አባቴን ፎርማት ላደርገው ነበር!

እናንተዬ፣ ዛሬ የማጫውታችሁ የገዛ እጄ ያመጣብኝን ጣጣ ነው፡፡ ከመካከላችሁ ጓዳው ውስጥ አሮጌ ኮምፒዩተር ያስቀመጠ ካለ፣ "እንደ አዲስ ላድርገው" ብሎ ቁልፍ ከመጫኑ በፊት ይቺን ያንብብ፡፡

ኮምፒዩተሩ ዴል ዳይሜንሽን ይባላል፡፡ በ1998 ዓ.ም. አጎቴ ከአሜሪካ ሲመጣ ይዞልን የመጣው ነው፡፡ ያን ጊዜ ጎረቤት ሊያየው ይመጣ ነበር፤ እናቴማ እንደ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አልብሳዋለች፡፡ አባቴ ጡረታ የወጣ መምህር ስለነበር ሥራ መፍታት አይወድም፡፡ በሁለት ጣቱ እየለቀመ አማርኛ መጻፍ ተማረበት፡፡ በ2003 ዓ.ም. እሱ ካረፈ በኋላ ግን ዞር ብሎ ያየው የለም፡፡

ሰሞኑን የታናሽ እህቴ ልጅ "ጋሼ፣ ኮምፒዩተር ግዛልኝ" ብሎ ያዘኝ፡፡ የአዲስ ላፕቶፕ ዋጋ ስንት እንደገባ ታውቁታላችሁ፤ እኔም ጠይቄ ዝም ብዬ ተመለስኩ፡፡ ከዚያ ነው ያ ዴል ትዝ ያለኝ፡፡ አቧራውን አራግፌ ብከፍተው ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው እስኪቀዳ ድረስ አልተነሳም፡፡ አንድ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት፡፡ "ይሄማ ሙዚየም ይግባ" ብሎ ሳቀብኝ፡፡ የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ግን "ሞኝ አትሁን፣ ወደ ፋብሪካው ይዞታ መልሰው" አለኝ፡፡

ነገሩ ቀላል ነው፡፡ የዚያን ዘመን ዴሎች፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ ያላቸው፣ የፋብሪካውን ቅጂ ሃርድ ዲስኩ ላይ በተደበቀ ክፍል ይዘው ነው የሚመጡት፡፡ ሲነሳ ከላይ የኩባንያው አድራሻ ያለበት ሰማያዊ መስመር ብልጭ ሲል ኮንትሮልን እና ኤፍ 11ን አንድ ላይ ተጭኖ አንድ ላይ መልቀቅ ነው፡፡ (ሃርድ ዲስኩ ተለውጦ ከሆነ ወይም ሰው ከፋፍሎ ሌላ ዊንዶውስ ከጫነበት፣ ቁልፉን ብትደበድቡትም አይሰማችሁም፡፡) "ሪስቶር" ይላል፤ ትጫናላችሁ፡፡ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ ያስጠነቅቅና "ኮንፈርም" ይላል፡፡ እኔ መቼም ጅል አይደለሁም፤ የነበሩትን ፋይሎች በሙሉ አስቀድሜ ፍላሽ ላይ ገልብጫለሁ፡፡ ተጫንኩት፡፡ ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ያ አረንጓዴ ኮረብታ ከነሰማዩ ድቅን አለ፡፡ ልክ ከካርቶን የወጣ ዕለት!

ሰዓቱ ብቻ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሷል፡፡ እሱ ሳንቲም የምታክለው ባትሪ፣ ሲአር 2032 የምትባለው፣ ስላለቀች ነው፡፡ ኢንተርኔት ላይ እንደሆን አላገናኘሁትም፤ ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ የሚሰጠውን ድጋፍ በመጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. አቁሟል፣ ቀዳዳውን የሚደፍንለት የለም፡፡ ልጁ መተየብ ይልመድበት፣ ካርታ ይጫወትበት፤ በቃ፡፡

በማግስቱ እናቴ መጣችና "የአባትህ ጽሑፎች አሉ አይደል?" አለችኝ፡፡

"እንዴታ!" ብዬ ፍላሹን ሰካሁና አንዱን ከፈትኩት፡፡ ምን ብቅ ቢል ጥሩ ነው? የእንግሊዝኛ ፊደል፣ የጥያቄ ምልክት፣ የገንዘብ ምልክት... ድብልቅልቁ የወጣ ነገር፡፡ ሁለተኛውም ያው፣ ሦስተኛውም ያው፡፡ በስልኬ ሞከርኩት፤ ያው ነው፡፡ እናቴ ስክሪኑን አየችው፣ ቀጥሎ እኔን አየችኝ፡፡ ምንም አላለችም፡፡ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፡፡

ጉዱ ወዲህ ነው፡፡ አባቴ የሚጽፈው በቪዥዋል ግዕዝ ነበር፡፡ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ቢሆንም፣ እኛ አገር ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት የተጻፈው በእነዚህ ቀደምት ሶፍትዌሮች ነው፡፡ እነሱ ደግሞ አማርኛውን በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ ነው የሚያስቀምጡት፤ ፎንቱ ካለ "ሀ" ሆኖ ይታያል፣ ፎንቱ ከሌለ ምስቅልቅል ነው፡፡ ፋብሪካው መቼም ቪዥዋል ግዕዝ አልጫነበትም፡፡ እኔ ሣጥኑን አትርፌ ቁልፉን እሳት ውስጥ ጨመርኩት ማለት ነው፡፡ የፎንቶቹን ማኅደር ጭምር ብገለብጥ፣ ወይም ሁሉንም ከፍቼ በወረቀት ባትም ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ!

ሳምንት ሙሉ ከእናቴ ጋር በደንብ አልተነጋገርንም፡፡ በመጨረሻ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻ ከሚተይቡት አንዷ ጋ ሄድኩ፡፡ ምስቅልቅሉን ገና ስታየው "ቪዥዋል ግዕዝ ነው የኔ ልጅ፣ እኔ ስንት ዓመት እንጀራ የበላሁበት!" አለችና ጥግ ያለውን፣ ከኔም ዴል የባሰውን ኮምፒዩተሯን ቀሰቀሰችው፡፡ ፋይሉን ከፈተችው፡፡ አማርኛ ሆነ፡፡

አብዛኛው የዕድር ቃለ ጉባኤና ለቀበሌ የተጻፈ ማመልከቻ ነው፡፡ አንዱ ግን ለታላቅ እህቴ የተጻፈ ደብዳቤ ነበር፡፡

እህቴ በ2000 ዓ.ም. አባቴ "አይሆንም" እያለ ቤሩት ሄደች፡፡ ከዚያ ወዲህ በስልክ አላናገራትም፤ ስትደውል መነኩሴ ይመስል አቀርቅሮ ይወጣል፡፡ ለቀብሩም አልደረሰች፡፡ እስከ ዛሬ እዚያው ናት፤ "እንደረገመኝ ሞተ" ስትል ስንት ጊዜ ሰምቻታለሁ፡፡

ደብዳቤው ከመሞቱ ሁለት ወር በፊት የተጻፈ ነው፡፡ እኩሌታው ስለ ማዕድ ቤቱ ቆርቆሮ ነው፤ አባቴ ቆርቆሮ ሲያነሳ አይጨርስም፡፡ ከዚያ በላይ ግን "ልጄ" ይላታል፡፡ የላክሽው ገንዘብ አልተነካም፣ በስምሽ ባንክ አስቀምጬዋለሁ፣ ስትመጪ ትሠሪበታለሽ፣ ተቆጥቼ እንጂ ጠልቼሽ አይደለም ይላል፡፡

ለምን አልላከውም አትሉኝም? ያን ሰሞን ፕሪንተራችን ተበላሽቶ ነበር፡፡ "አሠራልኝ" ብሎኛል፤ አንዴ አይደለም፣ ሁለት ሦስቴ፡፡ እሺ እያልኩ አላሠራሁለትም፡፡ ይሄን ለእናቴም ለእህቴም ገና አልነገርኳቸውም፡፡

ማታውኑ ቤሩት ደወልን፡፡ እናቴ ወረቀቱን ወደ አምፖሉ ጠጋ አድርጋ አነበበችላት፡፡ ከወዲያ ለረጅም ጊዜ ድምፅ ጠፋ፤ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ፣ ሃሎ" አልኩ፡፡

"አለሁ" አለች እህቴ፡፡ "እማዬ፣ ከቆርቆሮው በፊት ያለውን ድገሚልኝ፡፡"

እናቴ መነጽሯን አስተካክላ ከላይ ጀመረች፡፡