ተጋድሞ መንዳትም ልምምድ ይፈልጋል

የወገብ ሕመም ሲያስቸግረኝ፣ ወደ ኋላ ጋደል ብለው እግርዎን ወደ ፊት ዘርግተው የሚነዱትን ብስክሌት ገዛሁ። ከጀርመኗ ፓሳው እስከ ቪየና፣ የዳኑብን ወንዝ ተከትዬ 300 ኪሎ ሜትር ያህል በአራት ቀን ልነዳ ተነሣሁ። ወገቤ ደህና ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ግን ጉልበቴ አብጦ በባቡር ተመለስኩ።

ጥፋቱ የኔው ነው። መንገዱ ሜዳ ነው ብዬ በከባድ ማርሽ ገፋሁ። ጀርባ ወንበሩን ተደግፎ ሲገፋ ደግሞ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና ይበዛል። ልምምዴም እሁድ እሁድ ብቻ ነበር።

እርስዎ ካሰቡ ከወራት በፊት ይጀምሩ። ቅዳሜና እሁድን አከታትለው ይንዱ፤ ሰውነትን የሚፈትነው ሁለተኛው ቀን ነው። ማርሹን አቅልለው ቶሎ ቶሎ ይርገጡ። ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው ሐኪምዎን ያማክሩ፤ ከረሜላም ከኪስዎ አይለይ። ጉልበትዎን ማመም ሲጀምርዎ ያቁሙ፤ እኔ አላቆምኩም።