ቤትን አስከትሎ ወደ ሰሜን

አላስካ ሀይዌይ ከካናዳዋ ዳውሰን ክሪክ ተነስቶ ዩኮን ግዛትን ያቋርጥና አላስካ ውስጥ ዴልታ ጀንክሽን ከተማ ላይ ያበቃል። ርዝመቱ 2,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኝታና ማዕድ ቤት ያለው ተሳቢ ከመኪናቸው ኋላ አስከትለው በዚህ መንገድ የሚጓዙ ቤተሰቦች በየበጋቸው፣ ማለትም በእኛ ሰኔና ሐምሌ፣ ብዙ ናቸው። ኤድመንተን ላሉ ወገኖቻችን ዳውሰን ክሪክ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ ሄዶ ከእነሱ ጋር ለመጓዝ የሚያስብ ቤተሰብም ይኖራል።

ስለዚህ መንገድ ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው ድቡና ጠጠሩ ነው። ልጆች ጭኖ ለሚሄድ ሰው ግን ዋናው ፈተና ብርሃኑ ነው። በዩኮን ዋና ከተማ በዋይትሆርስ፣ ሰኔ አጋማሽ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን ነው። ከዚያም በኋላ ሰማዩ ድርግም ብሎ አይጨልምም። ራት ሰዓት ላይ ውጪው ገና ቀትር ስለሚመስል ሾፌሩ “አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ልጨምር” ይላል፤ ከዚያ ሌላ መቶ። ዓይን ባይደክምም አካል ይደክማል። ከኋላ ቤት የሚጎትት መኪና ደግሞ ፍሬን ተይዞ እስኪቆም ድረስ ረጅም መንገድ ይወስዳል። ሙስ የሚባለው ግዙፍ እንስሳ በድንገት መንገድ ሲያቋርጥ ልዩነቱ የሚታየው ያኔ ነው።

ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ስምምነት አድርጉ። በቀን ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ አትንዱ፤ የማቆሚያውን ሰዓትም የሚወስነው መሪ ያልያዘው ሰው ይሁን። ሂሳቡ ቀላል ነው። ከኤድመንተን ዴልታ ጀንክሽን ደርሶ ለመመለስ 5,600 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳል። ይህ 16 የመንዳት ቀን ማለት ነው። የዕረፍት ቀናት ሲጨመሩ ከሦስት ሳምንት በታች መሞከር ራስን ማስጨነቅ ይሆናል። በተሳቢው መስኮቶች ላይ ወፍራም ጥቁር መጋረጃ መስቀልም አይዘንጋ፤ ያለዚያ ልጆች አይተኙም።

መንገዱ ዛሬ አስፋልት ነው፤ ጠጠር የሚገጥመው ጥገና ባለበት ቦታ ነው። ከፍተኛው ቦታ ሰሚት ሌክ አጠገብ ሲሆን ከባሕር ጠለል በላይ 1,295 ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ በ1,000 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ብርዱን የሚያመጣው ከፍታው ሳይሆን ለሰሜን ዋልታ መቅረቡ ነው። ከክሉዌን ሐይቅ እስከ አላስካ ድንበር ባለው ክፍል ከአስፋልቱ ሥር ዓመቱን ሙሉ በረዶ ሆኖ የሚኖር አፈር አለ። በረዶው ሲቀልጥ መሬቱ ይሰምጣል፤ አስፋልቱም እንደ ማዕበል ከፍና ዝቅ ይላል። እዚህ ያልቀነሰ ሰው ተሳቢውን ሲከፍት ሳህኑን ሁሉ ወለሉ ላይ ያገኘዋል።

ጭነቱም ልክ ይፈልጋል። ከተሳቢው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው መኪናውን በሚይዝበት ጫፍ ላይ መዋል አለበት። ከባዱ ዕቃ ወደ ኋላ ከበዛ ተሳቢው ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፤ መኪናውንም ይዞ ሊገለበጥ ይችላል። ለመኪናውም ለተሳቢውም ስኮርታ ጎማና ክሪክ ያዙ። የጎማውን ዳዶ በየማለዳው ፈትሹ። ነዳጅ ግማሽ ሲደርስ በመጀመሪያው ማደያ ቅዱ። በከተሞች መካከል ስልክ ለረጅም ርቀት ስለማይሠራ ካርታውን አስቀድማችሁ ጫኑ፤ የት እንደምታድሩም ለዘመድ ንገሩ። ምግብ ደግሞ ውጪ አይደር፤ ድብ የሚጠራው ሽታው ነው።

ማቆም ዋጋው የሚታወቀው ሊያርድ ወንዝ ሲደረስ ነው። ጫካ ውስጥ ከ42 እስከ 52 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚሞቅ የተፈጥሮ ፍል ውሃ አለ። ወንዶ ገነትን ለሚያውቅ ሰው ደስታው አዲስ አይሆንም፤ አዲሱ ነገር በአካባቢው ባይሰን የሚባሉት የዱር ጎሾች መንገድ ዳር ሲግጡ ማየቱ ነው። ዋትሰን ሌክ ላይ ደግሞ የምልክቶች ደን አለ። እ.ኤ.አ. በ1942 ካርል ሊንድሊ የተባለ አሜሪካዊ ወታደር አገሩ ናፍቆት የከተማውን ስም በሰሌዳ ጽፎ ተከለ። መንገደኛው ሁሉ ተከተለው፤ ዛሬ ሰሌዳዎቹ በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። ልጆቻችሁ ከቤት ሳይነሱ “ደሴ” ወይም “ጅማ” ብለው በፊደላችን ጽፈው ቢይዙ ቦታ አያጡም።

መንገዱን የሠራው ማን እንደሆነም ይንገሯቸው፤ በተለይ በሰሜን አሜሪካ ለሚያድጉት። በ1942 ከ10,000 በላይ የአሜሪካ ወታደሮች ጫካውንና ረግረጉን በስምንት ወር ገደማ ሰንጥቀው አለፉ። ከሦስቱ አንዱ ያህል ጥቁር ነበር፤ ጦሩም ጥቁሮቹን ከነጮቹ ለይቶ ያሠራ ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት 25 ቀን፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ከሁለት አቅጣጫ ሲጠርጉ የመጡት ቡልዶዘሮች ቢቨር ክሪክ አቅራቢያ ተገናኙ። በአንዱ ላይ ጥቁሩ ኮርፖራል ሪፋይንስ ሲምስ፣ በሌላው ላይ ነጩ ወታደር አልፍሬድ ጃሉፍካ ነበሩ። ፕሬዚዳንት ትሩማን በጦሩ ውስጥ የዘር ልዩነት እንዲቀር ያዘዙት በ1948 ነው፤ መንገዱም ለሕዝብ የተከፈተው በዚያው ዓመት ነው።

ቢቨር ክሪክ ትንሽ መንደር ናት፤ ድንበሩ ቅርብ ስለሆነ ብዙ ሰው ነዳጅ ቀድቶ ያልፋታል። እናንተ ግን ውረዱ። ሻይ ይፈላ፤ ልጆቹም የጎማቸውን ዱካ ያረፈበትን መሬት በእግራቸው ይርገጡት።