የእኛን ሰው ፍለጋ

በቅድሚያ «እኛ» የምንለው ማንን እንደሆነ እንናገር። እንደ ፖለቲከኞቻችን «እኛ» ስንል ሚሊዮኖችን አንወክልም። ሁለት ነን፤ እህትና ወንድም። በ2000 ዓ.ም ክረምት ታላቋ 9፣ ታናሹ 6 ዓመታችን ነበር። ጋዜጠኝነት ተምራ ይህን የምትተይበው ታላቋ ናት። ታናሹ ደግሞ ከጀርባዋ ቆሞ «ኧረ እንዲህ አልነበረም!» እያለ ያርማታል። ስለዚህ ጽሑፉ የሁለታችንም ነው። ስሕተት ካለበት ግን የእሷ ብቻ ነው፣ ብሏል።

ነገሩን ያስነሳው አንድ ፎቶ ነው። ሰሞኑን ቤት ስንቀይር ከካርቶን ውስጥ ወጣ። አባታችን ፎቶ ማንሳት እንደማይችል የሚያረጋግጥ ፎቶ! አራት ሰዎች ከታች ጥግ ላይ እንደ ጉንዳን ተደርድረናል፤ ከላያችን ያለው ሁሉ ባዶ ሰማይ ነው። እናታችን፣ እምዬ (የአባታችን እናት) እና እኛ። ከጀርባው በአባታችን እጅ «ሮም፣ ነሐሴ 9 ቀን 2000» ተብሎ ተጽፏል።

ያኔ የምንኖረው ጀርመን አገር፣ ሽቱትጋርት ነበር። እምዬ በስንት ደጅ ጥናት ቪዛ አግኝታ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጣች። 79 ዓመቷ ነበር። አባታችንም «ቪዛው ከተገኘ ምን ቁጭ ያደርገናል?» ብሎ አሮጌዋን መኪና አስነሳ። ስዊዘርላንድን አቋርጠን ጣልያን፣ ከዚያ በባሕሩ ዳር ደቡብ ፈረንሳይ፣ ከዚያ ወደ ቤት። እምዬ ከፊት ተቀመጠች። እናታችን ከኋላ በሁለታችን መካከል ገባች፤ እንደ ስዊዘርላንድ ገለልተኛ ልትሆን። ግን በየአሥር ደቂቃው ጦርነቱ ውስጥ እናስገባት ነበር።

እናላችሁ፣ አባታችን ያሳየንና እኛ ያየነው ለየቅል ነው። እሱ ስለ ሚላን ካቴድራል ሲተነትን እኛ እርግብ እናባርራለን። 17 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝመው የጎታርድ ዋሻ ውስጥ ስለ መሐንዲሶቹ ሲያስረዳ፣ እኛ ትንፋሻችንን ይዘን ማን እንደሚበልጥ እንወዳደራለን። እምዬ ደግሞ ገና ስንገባ ውዳሴ ማርያም ጀመረች። ብርሃን ስናይ «በሰላም አወጣሽን» አለች። ዋሻውን የቆፈረው ሰው ምስጋና ሳያገኝ ቀረ።

ደግሞ ፍልሰታ ነበር። የልጆች ጾም! አስቡት፤ በነሐሴ ወር፣ በዚያ ሙቀት፣ ጣልያን አገር፣ አይስክሬም በየማዕዘኑ እየተደረደረ እኛ ጿሚዎች ነን። እናታችን ለእምዬ «እማማ፣ እርስዎ እንኳን መንገደኛ ነዎት፣ ትንሽ ይቅመሱ» ብትላት «መንገድ እግር ያደክማል እንጂ ጾም አያስፈታም» አለቻት። በኋላ አንድ ሱቅ በር ላይ ቆማ «የሎሚ ጀላቲ የላቸውም? እሱ እኮ ወተት የለውም» ስትል ሻጩ «ጀላቲ» የምትለውን ሰምቶ ፈገግ አለ። ሎሚው ላይ ጠቆመችው። ሰጣት። እኛ አፋችንን ከፍተን ቀረን። እምዬ ጣልያንኛ ትችላለች!

ነገሩ የለየለት ከቦሎኛ ወደ ፍሎረንስ ስንሄድ ተራራው ላይ ጎማ ሲፈነዳብን ነው። ስኮርታው ራሱ የተነፈሰ ሆኖ ተገኘ። አባታችን በጀርመንኛ ይጮሃል፣ በእንግሊዝኛ ይለምናል፤ የቆመልን ሰውዬ ትከሻውን ይነቀንቃል። እምዬ ከመኪናው ሳትወርድ «ምን ያጯጩህሃል፣ ጎሚስታ የት ነው በለው እንጂ» አለች። ሰውየው «ጎሚስታ!» ብሎ እጁን አጨበጨበ፤ ይዞን ሄደ። ጎሚስታው ቤት ደግሞ ጉድ ተሰማ። ጎማ ጎማ ነው። ክሪክ ክሪክ ነው። ቡሎን ቡሎን ሊሆን ምንም አልቀረውም። አባታችን በመካኒክ አማርኛ ከጣልያኑ ጋር ተግባባ።

እኛ አንድ መደምደሚያ ላይ ደረስን። አባታችን ከመነሳታችን በፊት «ጣልያኖች የአክሱምን ሐውልት ወስደውብን ነበር» ብሎን ነበር። አሃ! ሐውልቱን ብቻ አይደለም የወሰዱት፤ ቃላችንንም ወስደዋል! ታላቋ ወዲያው ደብተር አውጥታ «የተሰረቁ» የሚል ዝርዝር ጀመረች፦ ጎማ፣ ቦርሳ፣ ካልሲ፣ ፋብሪካ፣ ፒያሳ፣ መርካቶ። (የጋዜጠኝነት ሥራዋ የጀመረው በሐሰተኛ ዜና መሆኑን እዚህ ላይ ታምናለች።) አባታችን ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑን፣ ቃላቱን ጥለውልን የሄዱት እነሱ መሆናቸውን ሊያስረዳን ሞከረ። አላመንነውም። ሰው ቤትህ ገብቶ ዕቃህን ይወስዳል እንጂ ካልሲ ጥሎልህ ይሄዳል?

ሮም የገባነው ነሐሴ 8 ማታ ነው። እምዬን ያስደነቃት ቤተ መንግሥቱም ቤተ ክርስቲያኑም አይደለም፤ በየጎዳናው ቀን ከሌት የሚፈሰው የቧንቧ ውኃ ነው። ከ2,000 በላይ እንዲህ ያለ ቧንቧ ከተማው ውስጥ አለ። እሷ የመጀመሪያውን ስታይ ሰው ረስቶት የሄደ መስሏት መዝጊያውን ትፈልግ ነበር።

ያረፍነው ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው። ከጣቢያው ፊት ያለው ሰፊ ሜዳ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። አምስት መቶዎቹ እነማን ናቸው? እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላን ገጥመው ያለቁ የጣልያን ወታደሮች ናቸው። አባታችን ይህን ሲነግረን ደረቱ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ነበር። እምዬ ግን አደባባዩን ዞር ዞር ብላ አየችና «የሞተባቸውን ይቆጥራሉ» አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

በማግሥቱ የእነሱ የማርያም በዓል ነው። ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል፤ ከተማው ጭር ብሏል። አባታችን ሸሚዙን ተኩሶ ለብሶ «ዛሬ የመጣንበትን ነገር አሳያችኋለሁ» አለን። በሜትሮ ሄደን ፖርታ ካፔና የሚባል ቦታ ደረስን። ፊት ለፊት የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ሕንፃ አለ፤ ሲሠራ ግን የታሰበው ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴራቸው ነበር። አባታችን ከሕንፃው ፊት ወዳለው ባዶ ቦታ እየጠቆመ በደስታ «እዚህ ጋ ነበር!» አለ።

ምኑ?

«ሐውልቱ ነዋ!»

እኛ ሐውልት ልናይ ነበር የመጣነው። አባታችን ግን ያሳየን የሌለ ነገር ነው። ሰው ይህን ሁሉ ኪሎ ሜትር ነድቶ የሌለ ነገር ያያል? እሱ ግን ተራ በተራ ነገረን። በ1937 (በእኛ 1929 ዓ.ም) መሆኑ ነው፣ ወሰዱት። በ1947 ፓሪስ ላይ በተፈረመው የሰላም ውል የዘረፉትን በ18 ወር ውስጥ ሊመልሱ ተስማሙ። ሐውልቱ የተመለሰው በ2005 ነው፤ በሦስት ተቆርጦ፣ በግዙፍ አንቶኖቭ አውሮፕላን። 18ቱ ወር 58 ዓመት ወሰደ። (ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ የተዋሰውን መጫወቻ ያልመለሰ «ጣልያን» ይባል ጀመር።) እኛ ባዶውን ቦታ ስናይ፣ አክሱም ላይ ሐውልቱን መልሶ የማቆሙ ሥራ እየተጠናቀቀ ነበር፤ ነሐሴ 29 ተመረቀ።

ከዚያ ፎቶ እናንሳ ተባለ። አባታችን ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ያያል፣ እንደገና ወደ ኋላ ይሄዳል። «ኧረ ጠፋን እኮ!» ትላለች እናታችን። «24 ሜትር ነው፣ እስከ ጫፉ መግባት አለበት» ይላል እሱ። የሌለውን ሐውልት ከነጫፉ አነሳው። የፎቶው ሰማይ ባዶ የሆነው ለዚህ ነው። አባታችን ፎቶ ማንሳት ይችላል። ይቅርታ እንጠይቃለን።

ልንሄድ ስንል እምዬ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ፣ እንዲህ አለች፦

«ድንጋዩስ አገሩ ገባ። የእኛ ሰው ነው እንጂ ያልገባ።»

አባታችን ሰምቶ ዝም አለ። እኛም ሰማን፤ ግን እኛ እንደ ልጅ ነው የሰማነው። የእኛ ሰው አልገባም? ታዲያ እዚሁ አለ ማለት ነው! ሐውልቱን ሲመልሱ እሱን ረስተውታል! ማታ ታላቋ የደብተሩን አዲስ ገጽ ገልጣ «የእኛ ሰው» ብላ ጻፈች። ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ ለአባታችን ሽርሽር ነበር፤ ለእኛ ግን ፍለጋ።

ፒዛ ላይ ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ ዘማማውን ግንብ የሚደግፍ መስሎ ፎቶ ይነሳል። ታናሹ የእውነት ደግፈው የያዙት መስሎት ሄዶ አገዛቸው። ታላቋ ግን ግንቡን ትታ ቦርሳና መነጽር ምንጣፍ ላይ ዘርግተው የሚሸጡትን ጥቁር ሰዎች እየዞረች አየች። ደብተሩ «ወጣት ነው፤ አይደለም» ይላል። ቀጥሎ «ይኼም ወጣት ነው»። ጄኖቫ ላይ አንድ ሽማግሌ ተገኙ፤ ከጎናቸው የቆመች ልጅ «ኖኖ!» ብላ ጠራቻቸው። የልጅ ልጅ አላቸው፤ የእኛ አይደሉም።

ኒስ ደረስን። ከባሕሩ ፊት ለፊት ሰማያዊ ወንበሮች ተደርድረዋል። አንዱ ላይ ጠይም ሽማግሌ ብቻቸውን ተቀምጠው ባሕሩን ያያሉ። ኮፍያ፣ ከዘራ፣ ሁሉም ነገር ልክ ነው። ታናሹ መጠበቅ አልቻለም፤ እምዬን በቀሚሷ ጎትቶ «እምዬ፣ የእኛ ሰው ያ ነው?» አላት።

እናታችን ልትቆጣው ነበር። እምዬ ግን አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ቆማ ሰውየውን አየቻቸው። ብዙ አየቻቸው። ከዚያ ልክ ገበያ ላይ ዶሮ እንደመረጠ ሰው ራሷን ነቀነቀች።

«አይደለም። እሱ ረጅም ነበር።»

ቀጥላ «ብሉ እንጂ፣ ጀላቲያችሁ ቀለጠ» አለችን።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። በ2004 ዓ.ም ቤተሰባችን ጓዙን ጠቅልሎ አዲስ አበባ ገባ። እምዬ በ2006 ዓረፈች። በሰልስቷ ታናሽ ወንድሟ የነገሩንን ከዚያ በፊት ሰምተን አናውቅም። አባታቸው የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም፣ ዓርብ ጠዋት፣ ከቤት እንደወጡ አልተመለሱም። ያን ዕለት ነው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተጣለው፤ ከዚያም ከተማው ሦስት ቀን የታረደው። አስከሬን አልተገኘም። አንዱ «ካሚዮን ላይ ሲጫን አይቼዋለሁ» አለ። ሌላው «ባሕር ማዶ ከወሰዷቸው ጋር ነው» አለ። እምዬ ያኔ 8 ዓመቷ ነበር። ያላለቀሰችበትን ሰው ሰባ ዓመት ስትጠብቅ ኖራለች።

ታላቋ ስድስት ኪሎ ጋዜጠኝነት ስትማር በዚያው ግቢ በየቀኑ ትመላለስ ነበር። ቃለ መጠይቅ ስንማር «አንድ አዛውንት አነጋግራችሁ አምጡ» ተባለ። የማን አዛውንት? መጠየቅ የነበረባት አዛውንት ካረፈች ቆይታለች። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ አንድ መኪና ውስጥ ከእሷ ጋር ተቀምጠን የጠየቅናት «መቼ ነው የምንደርሰው?» ብቻ ነው። የአባቷን ሙሉ ስም እንኳን አልጠየቅንም።

ቢያንስ አንብበናል። ከየካቲት 12 በኋላ በመቶ የሚቆጠሩ መኳንንትና የተማሩ ሰዎች በእርግጥ ወደ ጣልያን ተግዘዋል። ብዙዎቹ የታሰሩት ከሰርዲኒያ ራስጌ ባለችው አዚናራ ደሴት ነበር። እንግዲህ የልጅነት ፍለጋችን ጨርሶ ቂልነት አልነበረም ማለት ነው። ግን የእኛ ሰው መኳንንት አልነበሩም። የቀሩት እዚሁ አዲስ አበባ ይመስለናል። የሟቾቹን ቁጥር የኢትዮጵያ መንግሥት 30 ሺህ ይለዋል። ኢያን ካምፕቤል እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት መጽሐፍ 19 ሺህ ገደማ ብለው ገምተዋል። በሁለቱ ቁጥር መካከል 11 ሺህ ሰው አለ። «የሞተባቸውን ይቆጥራሉ» ያለችው አሁን ነው የገባን።

ፎቶውን ግድግዳው ላይ ሰቅለነዋል። ትናንት ታናሹ ጠጋ ብሎ እያየ «ይኼን አይተሻል?» አለ። ፎቶው ላይ እናታችንና እኛ ሁለታችን ወደ ካሜራው እየሳቅን ነው። እምዬ ግን ካሜራውን አታይም። አንገቷን ወደ ጎን መልሳ፣ በመንገዱ ማዶ ብቻውን የሚያልፍ አንድ ረጅም ሰው ታያለች።